ሦስት መቶ አርባ አምስትን ማን ጻፈው?

ሲምልቴ፣ ጄስታ 12

ለውድ ልጄ ለጁኔሊ፣

አምላካችን ማሃዴቭ እግርሽን ከእንቅፋት፣ እንቅልፍሽን ከክፉ ሕልም ይጠብቅልኝ። ለመሆኑ እንዴት ነሽ? እኔ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴ ዳገት ሲያይ ያኮርፋል እንጂ ሌላው አካሌ አላስቀየመኝም። የባለቤቴ የባቱሊ የዓመት መታሰቢያ በደህና ተፈጸመ። እሷ ለአባትሽ የአጎት ልጅ ነበረች፤ ካረፈች ወዲህ «ከእንግዲህ ጁኔሊንና ጉማን ሲንግን ምን ያዛምዳቸዋል?» የሚሉ አልጠፉም። ክሩ ቀጭን ነው። ቀጭን ክርም ዶቃ ይሸከማል ብዬ ይኸው እጽፍልሻለሁ።

ነገሬ ስለ ፈላጊው ነው። ከአገር ከመውጣትሽ በፊት በትምህርት ቤቱ ኮምፒውተር ላይ የተከልሽውን የፍለጋ ሞተር መንደሩ ዛሬም «ፈላጊው» ነው የሚለው። የትምህርት ቤቱን ደወል ስደውል አርጅቼ ጡረታ ስወጣ፣ ኮሚቴው «ደወል የለመደ ሰው ይጠብቀው» ብሎ ለኔ ሰጠኝ። ፈላጊው ሥራውን አላጓደለም። ከላይኛው ድልድይ ሥር ያለው መለኪያ የራቶን ወንዝ ከፍታ ይልካል፣ እሱ ይሰበስባል፣ «አምና ወንዙ መቼ መቼ ሞላ?» ስንለው ፈልጎ ይነግረናል። የታመመው ማንቂያው ነው። ወንዙ ከልኩ ሲያልፍ ጣሪያው ላይ ያለውን ሳይረን ማስጮህ የነበረበት ማንቂያ ዝም ብሏል።

ከምን እንደተነሣ ልንገርሽ። ባለፈው ወር ራቶ ትንሽ ከፍ ብሎ ሳይረኑ ጮኸ። መልካም። ስክሪኑ ላይ የወጣው መልእክት ግን ከምሳ በኋላ የሆነውን ነገር «ጠዋት» ብሎ ጽፎታል፤ ሰዓቱ ከኛ ወደ ኋላ የሚቀረው የፈረንጅ አገር ሰዓት ነው። ባለ ሻይ ቤቷ ሱንማያ ሰው በተሰበሰበበት «ጋሽ ጉማን፣ ወንዙ ጠዋት መጥቶ ከነበረማ እኛ ሞተናል። ለሙታን ሻይ በነፃ ነው፣ ና ተቀመጥ» አለችኝ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ሳቄ ግን ከጥርሴ አላለፈም። በማግስቱ ከሒሳብ መምህሩ ጋር የማንቂያው ደንብ የተጻፈበትን ፋይል ከፍተን፣ የአገራችንን ሰዓት የሚናገር አንድ መስመር ጨመርንበት። ከዚያ ወዲህ «የማንቂያውን ደንብ ማንበብ አልተቻለም» ይላል። መስመሯን አጠፋኋት፤ አሁንም ያንኑ ይላል። እንግዲያው ጥፋቱ የሷ አይደለም ብዬ መልሼ ጻፍኋት።

በመጪው ወር፣ አሻድ አሥራ አምስት፣ የሩዝ ተከላ ነው። የዚያን ቀን መንደሩ በሙሉ፣ አራስና ሽማግሌ ሳይቀር፣ ወንዙ ዳር ጭቃ ውስጥ ነው የሚውለው፤ ዘፈኑና ሁካታው የወንዙን ድምፅ ይውጠዋል። እስከዚያ ሳይረኑ አፉን ካልከፈተ የሚሆነውን ማሰብ አልፈልግም፤ ጠዋት በጸሎቴ መሃል ግን ሳልጠራው ይመጣል። ሰው ውጭ አገር ላለ ዘመዱ ሲጽፍ የሚለምነውን አልለምንሽም። አንድ ፋይል አንብቢልኝ።

እዚህ ኢንተርኔት ከጠፋ ሰንብቷል፤ ስልኩም እንደ እንግዳ ሲፈልግ ነው የሚመጣው። ይህን ወረቀት የአውቶቡሱ ሾፌር ፎቶ አንሥቶ ከተማ ሲደርስ ይልክልሻል፤ መልስሽንም እዚያው አሳትሞ ያመጣልኛል።

የአክስትሽ ባል፣ ጉማን ሲንግ


ሊዝበን፣ ጄስታ 24

ለተከበሩ አጎቴ፣

ከሩቅ ሆኜ ግንባሬን እግርዎ ላይ አሳርፋለሁ፤ ምርቃትዎ አይለየኝ። ደህና ነኝ፣ ምንም አልጎደለብኝም። መልሴ የዘገየው ሥራ በዝቶብኝ ነው። ጣቶቼ ስለቆሳሰሉ አጠር አድርጌ እጽፋለሁ፤ አይቀየሙኝ።

የሙታኑን ሻይ ሳነብ ብቻዬን ስስቅ ሰው አየኝ። ለሱንማያ ምላሷ እንዳይዝግ ሰላምታዬን ያቀብሉልኝ።

ያንን ፋይል የሚያነበው ክፍል እንደ ጠረፍ ፈታሽ ነው፤ አንድ ማኅተም ከተዛነፈ ሻንጣውን በሙሉ ይመልሳል። አንዲት መስመር ከከፋችው ደንቡን ሁሉ ይተወዋል። ዝም ያለውም ለዚህ ነው። አምርሮ የሚጠላው አንድ ነገር አለ። በየመስመሩ መጀመሪያ ያለው ባዶ ቦታ ከታች ባለችው ረጅም ቁልፍ ነው መመታት ያለበት፤ በግራ በኩል ያለችው ታብ የምትባለው ቁልፍ ከተነካች አለቀ። ለኛ ዓይን ሁለቱም ባዶ ናቸው። ለሱ ግን አንዱ ባዶ ነው፣ ሌላው ስድብ። መምህሩ ፋይሉን «ላሳምረው» ብለው ነክተውት እንደሆነ ይጠይቁልኝ። ባዶውን ሁሉ አጥፍተው በረጅሟ ቁልፍ እንደገና ይምቱት፤ ከዚያ የሚለውን ስህተት ቃል በቃል ገልብጠው ይላኩልኝ።

እኔው ራሴ እሞክረው ነበር፤ ኮምፒውተሬ ለጊዜው እጄ ላይ የለም።

የእርስዎው ጁኔሊ


ሲምልቴ፣ አሻድ 1

ለልጄ ለጁኔሊ፣

እህል ውኃሽ ይባረክ፤ የምታድሪበት ጣሪያ አያፍስስብሽ። እኛ ዘንድ ዝናቡ ገብቷል፤ ራቶ ቀለሙን መለወጥ ጀምሯል።

እንዳልሽው ሆነ። መምህሩን ስጠይቃቸው «ጋሽ ጉማን፣ መስመሮቹ ተንጋደው አላስችል አለኝ፤ በዚያች በታብ መታ መታ አድርጌ አስተካከልኋቸው» አሉኝ። «አስተካክለው ገደሉት» አልኋቸውና ተሳሳቅን። ባዶውን አንድ በአንድ ነቅዬ በረጅሟ ቁልፍ መልሼ ተከልሁት። ለካ ይህም ሩዝ መትከል ነው፣ ወገብ ይፈልጋል። ያ ስህተት ጠፋ። ደስ ብሎኝ ወጥቼ የድሮ ደወሌን ልደውል ምንም አልቀረኝም።

ስመለስ ሌላው ተቀምጦ ይጠብቀኛል። እንዲህ ይላል፦ «ጽሑፍ ይጠበቅ ነበር፤ 345 የሚል ቁጥር ተገኘ።» የትኛው መስመር ላይ እንደሆነ አይናገርም። ፋይሉን ከላይ እስከ ታች፣ ከታች እስከ ላይ አነበብሁት። ሦስት መቶ አርባ አምስት የሚባል ነገር የለም። መምህሩም አነበቡ፤ የለም። ሱንማያ «ለሻይ ቤት የሚበቃ ፊደል እኔም አለኝ» ብላ መነጽሯን አድርጋ መጣች፤ እሷም አላገኘችም። እንግዲህ ማን ጻፈው? ሊቀመንበሩ ሎኬንድራ «ጋኔን ገብቶበታል» አለ። ጋኔን ነው አልልም። ያልጻፍነውን ማንበቡ ግን ከበደኝ፤ ሰው እንዲህ ሲያደርግ ሐሰተኛ ምስክር ነው የምንለው።

ሎኬንድራ ሌላም ተናገረ። «ያቺ ልጅ እውን የኮምፒውተር ድርጅት ውስጥ ነው የምትሠራው? ከሆነስ እንዴት እስካሁን አላወቀችውም?» አለ። ስለዚህ የቢሮሽን ፎቶ ብትልኪልኝ ለኮሚቴው አሳያለሁ፤ አፋቸውን ይይዛሉ።

ተከላው እየቀረበ ነው።

ጉማን ሲንግ


ሊዝበን፣ አሻድ 6

ለአጎቴ፣

እግርዎን ነክቼ፣ ምርቃትዎን ተርቤ። ደህና ነኝ።

345 እኔንም እንቅልፍ ነስቶኛል። ሥራ ላይ ሆኜ ሳላውቀው ጮክ ብዬ እጠራዋለሁ፣ ሰው ዞሮ ያየኛል። አንድ ነገር ብቻ አውቃለሁ፦ ያልተጻፈ አይነበብም። አንድ ነገር ተጽፏል፣ እሱ ደግሞ ሌላ አድርጎ አንብቦታል። ፋይሉን ከነነጥቡ፣ ከነባዶ ቦታው ገልብጠው ይላኩልኝ። «ይቺ እንኳ ደህና ናት» ብለው የሚያልፏት መስመር አትኑር። ጥፋት የለባትም ያሏትንም ጭምር።

ፎቶውን ሌላ ጊዜ።

ጁኔሊ


ሲምልቴ፣ አሻድ 9

ለልጄ ለጁኔሊ፣

የጀመርሽው ይለቅልሽ፣ የተዘጋብሽ በር ይከፈትልሽ።

የፋይሉ ግልባጭ ከዚህ ወረቀት ጀርባ ነው። ያቺንም በነፃ የለቀቅኋትን መስመር አልዘለልኋትም፤ ከታች አራተኛዋ ናት፣ «የሰዓት ቀጠና: 5:45» የምትለው። በስክሪኑ ላይ እንዳለው አድርጌ ገልብጫለሁ። ነጥብ አልጎደለም።

ትናንት ጠዋት አበባ አቅርቤ ከጸለይሁ በኋላ እዚያው ተቀምጬ ራሴን መረመርሁ። ፎቶውን የጠየቅሁሽ ለኮሚቴው ነው ብዬሽ ነበር። አይደለም። ሱንማያ እንድታየው ፈልጌ ነው፤ የዚያን ቀን ሳቋ ውስጤ ቀርቷል። ሰው ከጎርፍ ላድን ተነሣሁ ስል የሚያሯሩጠኝ ለካ የሻይ ቤት ሳቅ ነው። ስለዚህ ፎቶውን ተይው። በምትኩ አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ ካልፈለግሽ አትመልሺልኝ። ኮምፒውተር ጣት ያቆስላል ወይ?

ነገሩ እስከ ተከላው ካልተፈታ እኔው የድሮውን ደወል ይዤ ድልድዩ ላይ እቆማለሁ። ድምፁ እስከ ማሳው እንደማይደርስ አውቃለሁ። ቢሆንም እቆማለሁ።

ጉማን ሲንግ


ከሊዝበን ወደ ደቡብ፣ የእንጆሪ እርሻ፣ አሻድ 12

ለአጎቴ ለጉማን ሲንግ፣

ዛሬ ግንባሬን እግርዎ ላይ ሳሳርፍ ቶሎ አላነሣውም።

አግኝቼዋለሁ። እንዴት እንዳገኘሁት ለመናገር ግን የሸሸግሁትን ማውጣት አለብኝ። ሊዝበን አይደለሁም። ቢሮም የለኝም። ልሠራበት የመጣሁት ድርጅት ገና ወንበሩን ሳልለምደው ተዘጋ። ከዚያ ወዲህ ፕላስቲክ ዳስ ሥር እሾሃማ እንጆሪ እለቅማለሁ። ጣት የሚያቆስለው እሱ ነው።

በሩ ላይ ካርዳችንን የምናስነካው ማሽን አለ፤ ምን ያህል እንደሠራን በደቂቃ ያሳያል። ትናንት ሙቀቱ ስለበረታ ቀድመው ለቀቁን። አብራኝ የምትለቅም ሲምራት የምትባል የፑንጃብ ልጅ አለች። ስልኬ ላይ ከአገሬ ሰዓት ጎን፣ ከዓለም መነሻ ሰዓት የምንቀድምበትን +5:45 ካየች ጀምሮ፣ የነሱ አገር +5:30 ነውና፣ «እናንተ ከጎረቤት በሩብ ሰዓት የተጣላችሁ ሕዝብ» እያለች ትቀልድብኛለች። ስንወጣ ሰዓቷን አየት አደረገችና «አምስት ሰዓት ከአርባ አምስት ሠራሽ። ዛሬስ ራስሽ አገርሽን ሆነሽ ወጣሽ» አለችኝ። ልስቅ ስል ማሽኑን አየሁት።

345 ይላል።

እዚያው በሩ ላይ ቀረሁ። ከኋላዬ የተሰለፉት «እለፊ እንጂ፣ ተተከልሽ እንዴ?» ይሉኛል። ሲምራት ክንዴን ይዛ ጎተተችኝ፤ ያመመኝ መስሏት ውኃ ልታጠጣኝ ትሮጣለች። እኔ እስቃለሁ።

አጎቴ፣ 345ን የጻፉት እርስዎ ነዎት፤ 5:45 ብለው። ያ አንባቢ በሁለት ነጥብ የተከፈሉ ቁጥሮች ሲያይ ሰዓትና ደቂቃ ናቸው ይልና አምስቱን በስልሳ አባዝቶ አርባ አምስቱን ይደምርበታል። የኛን ሰዓት ወስዶ ደቂቃ አድርጎ ቆጠረው። መስመሯን ያጠፏት ጊዜ ስህተቱ ያልጠፋው የታብ ጣጣ ገና ስለነበረ ነው። ሁለት ጥፋቶች፣ አንዱ ከሌላው ጀርባ ተደብቆ።

መስመሯን እንዲህ አድርጓት፦ የሰዓት ቀጠና: "+05:45"። የጥቅስ ምልክቱን ከፊትም ከኋላም አይርሱ። በጥቅስ መሃል ያለውን እንደተባለ ይቀበላል፤ ከጥቅስ ውጭ ያለውን ይመነዝራል። ከዚያ በኋላም ዝም ብለው አይመኑት። የወንዙን የከፍታ ልክ ለጊዜው ዝቅ አድርገው ሳይረኑ እስኪጮህ ይፈትኑት፤ ሲጮህ ልኩን ወደ ቦታው ይመልሱ።

ሾፌሩን ከተከላው በፊት እንዲያደርስልዎ ለምኜዋለሁ። ስለ እርሻው ግን ለማንም አይንገሩብኝ።

ጁኔሊ


ሲምልቴ፣ አሻድ 18

ለልጄ ለጁኔሊ፣

በመጀመሪያ ምስጋና፣ ከዚያ ሌላው። ሁላችንም አለን። ይህን ቃል ደግመሽ አንብቢው፦ ሁላችንም አለን።

ደብዳቤሽ የደረሰኝ የተከላው ዋዜማ ነው። ሾፌሩ እንዳይርስ ከሸሚዙ ሥር አውጥቶ ሰጠኝ። ቆሜ አነበብሁት፣ ከዚያ ወደ ትምህርት ቤቱ ሄጄ ሁለቱን የጥቅስ ምልክቶች ጻፍሁ። ስክሪኑ «ደንቡ ተነቧል» አለ። ያን ጊዜ አልጸለይሁም፤ ትንፋሼ ራሱ ጸሎት ነበር። ልኩን ዝቅ አድርጌ ጠበቅሁ። ሳይረኑ ሲጮህ ከግቢው ዛፍ ወፍ ሁሉ ተነሣ። ሎኬንድራ ግማሽ ፊቱን ተላጭቶ በሳሙና አረፋው ዳገቱን ወጣ። ለሙከራ መሆኑን ሲሰማ «ለልምምድ ነው እንዲህ ያስሮጥኸኝ? ሰው ምን ይለኛል?» አለ። ሱንማያ ደግሞ ከታች «ወተቴ ገነፈለ፤ ጋሽ ጉማን፣ ወንዝ ያልወሰደብኝን አንተ ወሰድክብኝ» ትላለች። ልኩን ወደ ቦታው መለስሁት። ደግሜም አየሁት።

በማግስቱ ወረድን። እርጎና የተቀጠቀጠ ሩዙ እንደ ተከላው ቀን ልማድ ተበላ፣ ወጣቶቹ ጭቃ ተቀባቡ፣ ሴቶቹ መስመር ይዘው እየዘፈኑ ይተክላሉ። ከራሳችን በላይ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፤ ወደ ላይ፣ ወደ ድልድዩ በኩል ብቻ ጥቁር ነበር። እኔም ሱሪዬን ሰብስቤ ከሽማግሌዎቹ ጋር ችግኝ አቀብላለሁ።

ሳይረኑ ጮኸ።

ማንም አልተንቀሳቀሰም። ሱንማያ ቀና ብላ «ይኸው ደግሞ ጀመረው። ዛሬም ልምምድ ነው?» አለች። አንዳንዶቹ ሳቁ፤ ዘፈኑም አልቆመም። ሎኬንድራ «ጋሽ ጉማን የት ነው ያለው? አንድ ሰው ሄዶ ከዚያ ማሽን ላይ ያንሣው» ብሎ ዞረ። ዓይኑ ካይኔ ገጠመ። እኔ ከሱ አጠገብ እስከ ጉልበቴ ጭቃ ውስጥ ቆሜአለሁ።

«እዚህ ነኝ» አልሁት። «እኔ እዚህ ነኝ፤ ማን ነው የሚለማመደው?»

ዘፈኑ ቆመ። ሎኬንድራ አሮጊቷን እናቱን አንሥቶ ትከሻው ላይ አደረገ። ሁሉም ሮጠ። በሬው ከነሞፈሩ፣ ሴቶቹ ከነችግኛቸው። እኔን ጉልበቴን የሚያውቁት መምህር በብብቴ ገብተው አወጡኝ፤ «ይኸው እኔም አንድ ነገር አቃናሁ» እያሉ። ዳገቱ አጋማሽ ላይ ደርሰን ስንዞር ራቶ መጣ። ውኃ አይመስልም ነበር፤ መሬት ተነሥቶ የሚሄድ ነው የሚመስለው። የተከልነውን በሙሉ ወሰደ፣ ሞፈር ወሰደ፣ የእርጎውን ጋን ወሰደ። እያንዳንዱ ቤት የራሱን ሰው ጠራ። እያንዳንዱም መለሰ።

ሲረጋ ስክሪኑን ለማየት ተሰብስበን ሄድን። መልእክቱ በኛ ሰዓት ወጥቷል። ሱንማያ መነጽሯን አድርጋ ጮክ ብላ አነበበችው፣ ከዚያ የሎኬንድራን ሰዓት ይዛ አስተያየች። «ሰዓቱን አወቀ» አለች። «እንግዲህ በሕይወት ያለ ሰው ሻይ ይከፍላል፤ ኑ።» ሄድን ጠጣን። ማንም አልከፈለም፣ እሷም አልጠየቀችም። ያ በውስጤ የቀረ ሳቋ የት እንደሄደ አላውቅም፤ ፈልጌ አጣሁት።

ከላይኛው መደብ የተረፈ ችግኝ አለ። ነገ እንደገና እንተክላለን፤ ወንዙ ከወሰደው ከፍ ብለን።

ምስጢርሽን አልተናገርሁም። ነገር ግን ሎኬንድራ ትናንት መጥቶ «ያቺ ልጅ የት ነው የምትሠራው?» አላለኝም። «ምን እንላክላት?» ነው ያለኝ። ወደ አንቺ አገር የምትመጣ የመምህሩ እህት አለች፤ የተቀጠቀጠ ሩዝ፣ የደረቀ ጎመን፣ ሱንማያ የቀላቀለችው የሻይ ቅመም ትይዝልሻለች። ለሲምራትም አካፍያት፤ ሩብ ሰዓታችን ሰላምታ ያቀርብላታል በያት። ፎቶውን አሁን እንደገና እጠይቅሻለሁ፤ በዚህ ጊዜ ግን ለማንም ማሳያ አይደለም። ከነዳሱ፣ ከነእሾሁ ላኪው። ፈላጊው አጠገብ እሰቅለዋለሁ፤ የሚጠይቅ ካለ «ሁላችንን ያወጣችን ልጅ ናት፣ እንጆሪ ትለቅማለች» እለዋለሁ። ካልፈቀድሽ ደግሞ እጠብቃለሁ።

ባቱሊ ብትኖር በምትመርቅሽ አፍ ልመርቅሽ። ማሃዴቭ ስምሽን እንደዚያች መስመር በጥቅስ መሃል ያኑርልኝ፤ ማንም አባዝቶ ደምሮ ሌላ ነገር አያድርግሽ።

የአክስትሽ ባል፣ ጉማን ሲንግ